ሰባት፣ ድጋሚ

አማርኛ ለለመደ ጆሮ «ቢስ» ደግ ቃል አይደለም። ዕድለ ቢስ፣ ምግባረ ቢስ፣ ጥቅመ ቢስ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። በደወሌ ወይም በጋላፊ ተሻግሮ ጅቡቲ የገባ ወገናችን የሚያርፍበት ሰፈር «ካርቲየ 7 ቢስ» መሆኑ ሲነገረው ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ የተረገመ ሊመስለው ይችላል። የፈረንሳይኛው ቢስ ግን ሌላ ነው። ድጋሚ ማለት ነው። አንድ ቁጥር ካለው ቤት ጎን አዲስ ቤት ሲሠራና ቀጣዩ ቁጥር በሌላ ተይዞ ሲገኝ፣ አዲሱ ቤት ያንኑ ቁጥር ይደግምና «ቢስ» ይጨመርበታል። በሙዚቃ አዳራሽም ዘፋኙ ጨርሶ ሊወርድ ሲል ታዳሚው «ቢስ! ቢስ!» እያለ ይጮኻል፤ ይደገም ማለቱ ነው። ካርቲየ 7 ቢስ እንግዲህ «ሰባት ድጋሚ» ነው።

ይህን ቃል ወድጄዋለሁ። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ሁሉ በእርሱ ውስጥ አለ። የተቸገረ ሰው የመጀመሪያውን ደግነት ብዙ ጊዜ አያጣውም፤ በአገራችንም ሆነ በጅቡቲ ሰው ሲወድቅ ሮጦ የሚያነሣ ሞልቷል። የሚያጣው ሁለተኛውን ነው፤ የአራተኛውን ቀን ምሳና የአሥረኛውን ቀን «እንዴት አደርሽ»። ይህን ጉድለት ለመሙላት ደግሞ ሀብታም መሆን አያስፈልግም። በቀን ደመወዝ የምትሠሩ፣ በሰው ቤት የምትውሉ፣ ከወር እስከ ወር በጭንቅ የምትደርሱ ብትሆኑም ትችላላችሁ። እንዴት እንደሚቻል ያሳየን ሰው ከአራት መቶ ዓመት በፊት ኖሯል።

አስቀድሜ ግን አንድ ቤት በዓይነ ሕሊናችሁ እንድትስሉልኝ እፈልጋለሁ። በካርቲየ 7 ቢስ፣ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ፣ ከቆርቆሮና ከሳንቃ በተሠራ ክፍል ውስጥ አንዲት እኅታችን ታማ ተኝታለች። በሰው ቤት ስትሠራ የነበረች ናት፤ አሁን አልቻለችም። ወሩ ሐምሌ ነው፤ የጅቡቲ ሐምሌ። ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፏል፤ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራውን በበሩ ሥር ያስገባል። ወሬው ተሰማ። በዚያው ቀን የሶማሌዋ ጎረቤት ሩዝ በሥጋ ይዛ መጣች። ማዶ ያለችው የአፋር እናት ወተት ላከች። ሁለት የአገሯ ልጆች እንጀራ በወጥ አመጡ። ፒኬ 12 በሚባለው ሰፈር መኪናውን ያቆመ አንድ ሾፌር ወንድማችን ደግሞ ብርቱካንና ብዙ ዳቦ ገዝቶ ደረሰ። እስከ ማታ ድረስ ወለሉ በምግብ ተሸፈነ። ሲነጋ ግማሹ ሻገተ፤ በዚያ ሙቀት ምን ያድራል? በአራተኛው ቀን ግን በሩን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

ከእነዚህ ጎረቤቶች መካከል ክፉ ሰው የለም። እያንዳንዳቸው «ትናንት ያን ሁሉ ሰው አይቻለሁ፤ ዛሬም አንዱ ይሄድላታል» ብለው ነው የቀሩት። እንዲህ ያለ ቤት በአዲስ አበባም፣ በባሕር ዳርም፣ በቤይሩትም አለ። ከሰው ልብ ውስጥ የጎደለ ፍቅር የለም። የጎደለው ተራ ነው።

በ1617 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ሻቲዮን በምትባል ትንሽ ከተማ ይኸው ታሪክ ተፈጸመ። ቪንሰንት ደ ፖል የሚባል የ36 ዓመት ካህን ወደዚያች ደብር ከመጣ ገና ብዙ አልቆየም። ኦገስት 20 እሑድ ነበር። ለቅዳሴ እየለበሰ ሳለ ሰው መጥቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ብቸኛ ቤት ቤተሰቡ በሙሉ ታሞ መውደቁን፣ አንዱ ሌላውን ማስታመም እንኳ አለመቻሉን ነገረው። ቪንሰንት በስብከቱ ላይ የእነዚያን ሰዎች ነገር አንሥቶ ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ራሱ ሊጠይቃቸው ሲወጣ መንገዱ በሴቶች ተሞልቶ አገኘው። ገሚሶቹ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ገሚሶቹ ገና ይሄዳሉ። ሙቀት ስለነበረ መንገድ ዳር አረፍ ያሉም ነበሩ። ቤቱ ሲደርስ የመጣው ምግብ ከሚበላው በላይ ነበር።

ሌላ ሰባኪ ቢሆን «ስብከቴ ፍሬ አፈራ» ብሎ በደስታ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ቪንሰንትም ደስ ብሎታል። ይሁን እንጂ የገበሬ ልጅ ነውና ያን ክምር ሲያይ የገበሬ ሐሳብ መጣበት፦ ይህ ሁሉ ዛሬ ተርፎ ይበላሻል፤ እነዚህም ሰዎች ከነገ ወዲያ እንደገና ይራባሉ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ረቡዕ፣ ጥቂት ሴቶችን ሰበሰበ። ተጨማሪ ሥጋና ዳቦ አልለመናቸውም። ቀን እንዲከፋፈሉ ነው የለመናቸው። ዛሬ አንቺ፣ ነገ እርሷ፣ ከነገ ወዲያ ሌላዋ፤ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያዋ። መሪና ገንዘብ ያዥ መረጡ። ራሳቸውንም የድሆች አገልጋዮች ብለው ጠሩ። በቃ። ዓለም አቀፍ የሆነ የበጎ ፈቃድ ሥራ የተጀመረው በዚህ የተራ ድልድል ነው፤ ያ የሴቶች ማኅበር ስሙን ለውጦ እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራል።

በዚያው ዓመት ማለቂያ የጸደቀላቸው ደንብ ተጠብቆ ቆይቷል። የሚገርመኝ ነገሩ ሁሉ የማጀት መሆኑ ነው። ትልልቅ ቃላት አልበዙበትም። ባለተራዋ ምግቡን ታበስላለች፤ ይዛ ስትገባ በብሩህ ፊት ሰላም ትላለች፤ ማዕዱን አስተካክላ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ታቀርባለች፤ በሽተኛው እንዲበላ በፍቅር ታባብላለች። ቀጥሎ ግን አንድ ትእዛዝ አለ፤ እርሱ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ባለተራዋ መጀመሪያ የምትሄደው አጠገቡ ሰው ወዳለው በሽተኛ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩትን የምታየው በመጨረሻ ነው። ለምን ቢሉ፣ ከእነርሱ ዘንድ ሳትቸኩል ብዙ እንድትቆይ።

እስቲ አስቡት። እኛ ብንሆን ብቸኛውን ነበር የምናስቀድመው፤ ያሳዝነናላ! ግን ብቸኛውን ያስቀደመች ሴት ሁለት ደቂቃ ቆማ፣ ሳህኑን አስቀምጣ፣ «ሌላ ቤት ይጠብቀኛል» ብላ ትወጣለች። ያን ደንብ የጻፈው ሰው ረኃብ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ገብቶታል። አንዱ በሾርባ ይጠፋል። ሌላው የሚጠፋው አጠገቡ ተቀምጦ ወሬ በሚያወራ ሰው ነው። በካርቲየ 7 ቢስ ታማ የተኛችው እኅታችን እንጀራው ከደረሳት በኋላ የሚርባት ይኸኛው ነው፤ በአማርኛ «የት ነው አገርሽ? እናትሽ ደኅና ናቸው?» የሚላት ሰው። እንግዲህ እናንተ ከሥራ ደክማችሁ ስትወጡ ባዶ እጃችሁን ብትሆኑም የምትሰጡት አላችሁ።

«እርሱ እኮ ቅዱስ ነው፤ እኔ ተራ ሰው ነኝ» የሚል ድምፅ ከውስጣችሁ ይነሣ ይሆናል። እንግዲያውስ የቪንሰንትን ልጅነት ስሙ። በ1581 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ፑይ በምትባል መንደር ከደሃ ገበሬ ቤት ተወለደ። ከብት ጠብቋል። አባቱ እርሱን ለማስተማር ጥማድ በሬ እንደሸጡለት ይነገራል፤ ለገበሬ ጥማድ በሬ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ እኛ አናጣውም። ልጁ ግን ከተማ ሲገባ በአባቱ አፈረ። አባቱ ትንሽ ያነክሱ ነበር፤ ልብሳቸውም የገጠር ነው። አብሮ መታየቱ ያሳፍረው እንደነበር በስተርጅናው ራሱ በጸጸት ተናግሯል። በ19 ዓመቱ ቅስና ሲቀበልም ሐሳቡ ድሆች ጋር አልነበረም። በ1610 ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ጥሩ ሹመት አግኝቶ፣ ቤተሰቡን ረድቶ፣ ቀሪ ዘመኑን አብሯቸው በሰላም ለመኖር ተስፋ እንደሚያደርግ ገልጿል። ደኅና ቦታ፣ ደኅና ገቢ፣ ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ። ከመካከላችን ይህን ተመኝቶ ያልተሰደደ ማን አለ?

ስለዚህ ቪንሰንት ከእኛ የተለየ አፈር አልነበረም። ለኑሮው የሚሯሯጥ፣ በወላጁ ያፈረ፣ ዘግይቶ የነቃ ሰው ነው። ሻቲዮን ላይ 36 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 43 ዓመት ሠራ። በ1625 ለገጠር ድሆች የሚሰብኩ ካህናትን ማኅበር አቋቋመ። በ1633 ከቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር የፍቅር ሥራ ደናግልን ማኅበር መሠረተ፤ በዚያ ዘመን ደናግል በገዳም አጥር ውስጥ ብቻ ይኖሩ ነበር፤ እነዚህኞቹ ግን ሾርባ ይዘው ከተማ ለከተማ፣ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ሄዱ። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1660 ዐረፈ። በ1737 ቅድስናው ታወጀ፤ በ1885 ደግሞ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የበጎ አድራጎት ሥራዎች ሁሉ ጠባቂ አድርጋ ሰየመችው። የሚከበርበት ሴፕቴምበር 27 በአብዛኛው ዓመት በእኛ መስከረም 17 ላይ ይውላል። መስቀል ማለት ነው። ደመራው በነደደ ማግስት፣ እኛ በምንሰባሰብበት ቀን፣ የእርሱ መታሰቢያ ይደረጋል። ይህ መገጣጠም ሁልጊዜ ልቤን ያሞቀዋል።

ቪንሰንት ለሻቲዮን ሴቶች ያስተማራቸውን ተራ እኛ ከእናታችን ማጀት ይዘነው መጥተናል። ቡናው ዛሬ በእርሷ ቤት ነገ በዚያችኛዋ ቤት ይጠጣል። የሰንበቴው ጠላና ዳቦ ተራውን ጠብቆ ይደገሳል። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ የዚህ ወሩ ሲጠጣ የሚመጣው ወር ባለተራ ታውቋል። ዕድራችን ለቅሶ ቤት ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን ውሃ እንደሚቀዳ አስቀድሞ ይደለድላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ያወጡት ሰዎች ተራን ያውቁ ነበር። ታዲያ ይህን ጥበብ ለሠርግና ለሞት ብቻ ለምን እናስቀምጠዋለን? በሕይወት ላለ፣ ግን ከአልጋ መነሣት ላቃተው ሰውስ ዕድር አያስፈልገውም?

ሻቲዮን ላይ ከሆነው 216 ዓመት በኋላ በፓሪስ አንድ ተማሪ ይህንኑ ደገመው። ፍሬዴሪክ ኦዛናም ይባላል። እርሱና ጓደኞቹ በክርክር ጉባኤ ስለ ክርስትና ታላቅነት ሲናገሩ አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ፣ የጥንቱን ተዉት፣ ዛሬ እናንተ ለድሆች ምን እያደረጋችሁ ነው የሚል ጥያቄ አቀረበላቸው። ከተማዋ በ1832 በኮሌራ ወረርሽኝ ተመትታ ነበር፤ ጥያቄው የሚያቆስል ነው። ኦዛናም አልተቆጣም። ከጓደኛው ጋር ሆኖ ለክረምት ከያዙት ማገዶ የተረፈውን ተሸክመው ለአንድ ደሃ ሰው እንዳደረሱ ይተረካል። ከዚያም ኤፕሪል 23 ቀን 1833፣ ልክ 20 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ከጥቂት ተማሪዎችና ከአንድ በዕድሜ የበሰለ ጋዜጠኛ ጋር ተሰብስበው በቅዱስ ቪንሰንት ስም የሚጠራውን ማኅበር ጀመሩ።

የት እንደሚሄዱ፣ እንዴት እንደሚያንኳኩ ግን አያውቁም ነበር። ተማሪ ምን ያውቃል? መንገዱን ያሳየቻቸው እኅት ሮዛሊ ሮንዱ ናት፤ ቪንሰንትና ሉዊዝ ከመሠረቱት ማኅበር የሆነች፣ በፓሪሱ የሙፍታር ድሃ ሰፈር ከ50 ዓመት በላይ የኖረች ሴት። የቤተሰቦችን ስም ሰጠቻቸው፤ ዳቦ የሚያወጣ ኩፖን አዋሰቻቸው፤ ሰው ቤት ሲገባ እንዴት እንደሚከበር አስተማረቻቸው። ኦዛናም በ40 ዓመቱ ሞተ። በ1997 ብፅዕናው ታወጀ። ማኅበሩ ዛሬ 150 ያህል አገሮች ውስጥ አለ፤ አባላቱ አሁንም የሚሠሩት ያንኑ ነው፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ የችግረኛ ቤት ያንኳኳሉ። እናንተም ሰፈራችሁ ውስጥ እንደ እኅት ሮዛሊ ያለች ሴት አታጡም፤ የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ኪራይ እንዳለፈ የምታውቅ። መጀመሪያ እርሷን ፈልጉ። ገንዘብ ከማዋጣት በፊት እርሷን።

ይህ መንፈስ ወደ እኛ አገርም መጥቷል። ቪንሰንት የመሠረተው የካህናት ማኅበር አባል የሆነው ጣሊያናዊው ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ፣ በአገራችን አጠራር አቡነ ያዕቆብ፣ በ1839 በምጽዋ በኩል ገብቶ አድዋ ወጣ። የዘመኑን የሃይማኖት ክርክር ለሊቃውንት ልተወውና፣ የእርሱ አኗኗር ላይ ብቻ ላተኩር። የእኛን መነኮሳት ልብስ ለበሰ፣ ቋንቋችንን ተማረ፣ በእግሩ ተጓዘ፣ የእኛን ምግብ በላ። በ1860 በጁላይ ማለቂያ፣ በትኩሳት ታሞ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ሙቀት ወደ ደጋው ሊወጣ ሲጓዝ መንገድ ላይ ዐረፈ። የ59 ዓመት ሰው ነበር። ቅድስናው በ1975 ታወጀ። ጅቡቲ ላይ የዚያን ዳርቻ ሙቀት የቀመሰ ሰው ይህ ሞት ምን እንደሚመስል ሳይነገረው ይገባዋል። የፍቅር ሥራ ደናግልም በመቀሌና በአዲስ አበባ፣ በሌሎችም ቦታዎች ከድሆች ጋር እየሠሩ ነው።

ደግነትን በመድገም ግን ከሁሉ በላይ የሚቀርበን ምሳሌ የራሳችን እናት ዶክተር አበበች ጎበና ናቸው። በ1980 ለመንፈሳዊ ጉዞ ግሸን ማርያም ሲሄዱ ረኃብ በመታው አገር አለፉ። የያዙትን ዳቦና ጸበል አካፈሉ። እናቷ የሞተችባትን ሕፃን አዩ፤ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ውብ የሆነ የአንድ ቀን ታሪክ ይሆን ነበር፤ እኛም አናውቀውም ነበር። እርሳቸው ግን ደገሙት። በአንድ ዓመት ውስጥ ቤታቸው 21 ልጆች ገቡ። ትዳራቸውንም ሥራቸውንም አሳጣቸው፤ ቆሎና አምባሻ እየሸጡ ቀጠሉ የሚል ታሪካቸውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በ2021 ኮቪድ እስኪወስዳቸው ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ደገሙት። «የአፍሪካ እማሆይ ትሬዛ» የተባሉት በግሸኑ ቀን ምክንያት አይመስለኝም። ከግሸን በኋላ በመጡት ማክሰኞዎችና ሐሙሶች ምክንያት ነው።

ወደ ጅቡቲ እንመለስ። ይህች ከተማ የምትሰጠንን ነገር አቅልለን አንይ። ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ዘካና ሰደቃ የኑሮው አካል ናቸው፤ በረመዳን ማታ ማፍጠሪያ ሳህን ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ ሃይማኖት ጠይቆ አይደለም። ካቶሊኮቹ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በ1964 የተባረከችው የመልካሙ እረኛ እመቤታችን ካቴድራል ግን ከተማዋ መካከል ቆማለች፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ የበጎ አድራጎት ድርጅት ካሪታስ ጅቡቲም ጎዳና ላይ ላሉ ሕፃናት ቀን ቀን መታጠቢያ፣ ምግብና ፊደል የሚያገኙበት ማረፊያ ያቆያል። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ የወጡ ናቸው። በኦቦክ በኩል ወደ የመን ሊሻገሩ በእግራቸው የመጡ ወጣቶችም በዚህች አገር ያልፋሉ። በእኛ ቋንቋ የሚያለቅስ ልጅ ባለበት ከተማ እኛ ቋንቋውን የምናውቅ ሰዎች አናስፈልግም ልንል አንችልም። የማንም ሃይማኖት ብትሆኑ፣ በጎ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ለእንዲህ ያለው ሥራ እጃችሁን ብትዘረጉ ቢያንስ አስተርጓሚ ትሆናላችሁ።

አሁን ወደ ሥራው። ሰፈሩ ራሱ ቁጥሩን ሰጥቶናል፦ ሰባት፣ ድጋሚ። ሰባት ሰው፣ ሰባት ቀን፤ ሳምንቱ ሲያልቅ እንደገና። አንድ ቤት ብቻ ምረጡ። ሁለተኛ ቤት የሚያምራችሁ ከሆነ የመጀመሪያው ሦስት ወር እስኪሞላው ታገሡ፤ ብዙ ጥሩ ነገር የሞተው ቶሎ በመስፋቱ ነው። ለባለቀኑ ሰው የሚደርሰው ሥራ በሳምንት አንድ ምሳ ዕቃ ነው፤ ከራሱ ድስት አንድ ጭልፋ ጨምሮ ይሞላል። ድስት የማይጥድ ወንድም ዳቦና ወተት ይግዛ፣ ወይም ውሃ በጀሪካን ይቅዳ፣ ወይም መድኃኒት ቤት ይመላለስ። አርብ ሥራ የሌለው አርብን ይያዝ። ማታ የሚሠራ የቁርስን ተራ ይውሰድ። መምጣት ያልቻለ ሰው ዝም ብሎ አይቅር፤ ተራውን ከሌላው ጋር ይለዋወጥ። ይህች ትንሽ ነገር ናት ማኅበር የሚያቆመው ወይም የሚያፈርሰው።

ሰባተኛው ሰው የግድ የአገር ልጅ መሆን የለበትም። በመጀመሪያው ቀን ሩዝ ይዛ የመጣችው የሶማሌ ጎረቤት አለችላችሁ! ጠይቋት። ቋንቋ ባይገናኝ ተራ በጣት ይቆጠራል። ስትገቡ ፎቶ አታንሡ፤ የታመመ ሰው ፊቱ የራሱ ነው። «ምን ላምጣልሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ምናልባት እርሷ የምትፈልገው እናቷ ዘንድ የሚደወልበት ካርድ ይሆናል። አቅም ያላት ከሆነች ደግሞ ሥራ ስጧት፤ ተኝታም ቢሆን ተራውን የምትመዘግበው እርሷ ትሁን። ስትድን ስምንተኛዋ ባለተራ ትሆናለች፤ እንደ እርሷ የወደቀን ሰው እንደ እርሷ የሚያውቅ የለም።

«ራሴ ደሃ ነኝ» ለምትሉኝ አንድ ነገር ልበል። እዚህ የምናወራው ለአንድ ሰው ሁሉን ስለመሆን አይደለም። በሰባት ተከፍሎ የእናንተ ድርሻ አንድ ነው። ስድስቱን ቀን ሌላ ሰው እንዳለ አውቃችሁ ያለ ጸጸት ታርፋላችሁ፤ በሰባተኛው ቀን ደግሞ የሚጠብቃችሁ ሰው እንዳለ አውቃችሁ ትነሣላችሁ። ስደት ሰውን «ብቀርም የሚያውቅልኝ የለም» ወደሚል ብርድ ይወስዳል። ተራ ያለው ሰው ግን ቢቀር ይታወቅበታል። ብዙ ጊዜ የምንጨነቅለት ቁም ነገር፣ ኑሮዬ ለማን ይጠቅማል የሚለው፣ ምሳ ዕቃ ይዞ በር ሲያንኳኩ መልስ ያገኛል፤ ከውስጥ «ዛሬ ያንተ ቀን እንደሆነ አውቄ ነበር» የሚል ድምፅ ሲሰማ።

ዛሬ ማታ ከሥራ ስትገቡ አንድ ወረቀት አውጡ። ሰባቱን ቀናት ከላይ ወደ ታች ጻፏቸው። ከአንዱ ቀን ፊት ስማችሁን አስፍሩ፤ ስድስቱን ባዶ ቦታ ይዛችሁም የቅርቡን ጎረቤት በር አንኳኩ።